አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከአገራቸው ለምን ወጡ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በጅዳና በአካባቢዋ፣ በተለይም በሩሰይፋ ያላችሁ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣

ዛሬ መስከረም 18 ነው፤ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ የዕረፍታቸው መታሰቢያ። ትናንት መስቀል፣ ከዚያ በፊት ደመራ ስለነበረ የእኚህ አባት በዓል በብዙ ቦታ ልብ ሳይባል ያልፋል። እኛ ግን ዘንድሮ ስለ እርሳቸው ለመጻፍ የወሰንነው በምክንያት ነው። በውስጥ መስመር ከምትጽፉልን ጥያቄዎች ከሁሉ የሚበዛው ስለ መውጣት ነው። ከአገሬ የወጣሁት ለምን ነበር? የወጣሁበት ነገር ካልተሳካስ ለምን እቆያለሁ? ሰንበቴን፣ ስሜን፣ ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ መምጣቴ እንዴት ይቆጠርብኛል? ይህን የምትጠይቁን አብዛኞቻችሁ የምትጽፉት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ የቤቱ ሰው ከተኛ፣ ሳህኑም ታጥቦ ካለቀ በኋላ።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከአገራቸው ወጥተው በረሃና ባሕር ያቋረጡ፣ የወጡበትን ጉዳይ ሳይፈጸም ያዩ፣ በሰው አገርም ያረፉ አባት ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ይዘን የእርሳቸውን ሕይወት እንመልከት። ራሳችንን ከጻድቅ ጋር ልናስተካክል አይደለም፤ እርሳቸው የወጡት ስለ ሰንበት ነው፣ ከእኛ የሚበዛው ስለ እንጀራ ነው። ለእንጀራ መውጣትም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ነጋድያን ትጸልያለች። ነጋዲ በግእዝ መንገደኛውንም እንግዳውንም ይይዛል፤ በአማርኛ ነጋዴ ስንል ሻጩና ገዢው ብቻ ቀረልን እንጂ ጸሎቱ በመንገድ ላይ ላለ ሁሉ ነው።

ዓመታቱን የጻፍነው ስልካችሁ ላይ ባለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጻድቁ የተወለዱት በ1273 ገደማ በትግራይ፣ በእንደርታ ነው። አባታቸው ክርስቶስ ሞአ፣ እናታቸው ሥነ ሕይወት ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ማዕቀበ እግዚእ ነበረ። ገና ልጅ ሳሉ በገርዓልታ፣ በደብረ ማርያም ወደነበሩት ወደ አጎታቸው ወደ አባ ዳንኤል ተላኩ። የተማሩትም የመነኮሱትም በእርሳቸው ዘንድ ነው። ገርዓልታን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቀይ ዐለት፣ በገደል ጥግ የሚወጣ ጠባብ መንገድ፣ ከላይ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን። ሲመነኩሱ ኤዎስጣቴዎስ ተባሉ። በዚሁ ስም የሚጠራ የጥንት ሰማዕት አለ፤ እርሱም ሀብቱን አጥቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የተሰደደ፣ ቤተሰቡም በመንገድ የተበተነበት ሰው ነው። ስለዚህ ስሙን ስንሰማ ስደት አብሮ ይታወሰናል።

ከዚያ ወደ ሰሜን ተሻግረው፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በሠራዬ ማኅበር መሠረቱ። ደቀ መዛሙርት መጡላቸው፤ አባ አብሳዲ፣ አባ ባኪሞስ፣ አባ መርቆሬዎስ፣ አባ ገብረ ኢየሱስና ሌሎችም። የማኅበሩ ሥርዓት ጠንካራ ነበር። ከነገሥታትና ከመኳንንት ስጦታ አይቀበሉም ነበር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። በዚያ ዘመን ገዳም የሚቆመው ንጉሡ በሚሰጠው ርስት ነው። ርስቱን ያልተቀበለ ደግሞ ነገ ንጉሡ ሲቆጣ የሚቀርበት ነገር የለውም፤ ነገር ግን የሚከለልበትም ግንብ የለውም።

ጠብ ያመጣባቸው ግን የሰንበት ነገር ነው።

ዛሬ ለእኛ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበት መሆናቸው እንግዳ አይደለም። እሑድን ሰንበተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜን ቀዳሚት ሰንበት እንላለን። ገጠር ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቅዳሜ በሬ አይጠመድም፣ እህል አይፈጭም፣ እንጨት አይፈለጥም፣ የሙቀጫ ድምፅ አይሰማም። (የቅዳሜ ገበያ በብዙ ከተማ እንዳለ እናውቃለን። እናቶቻችን ገበያውንና ሰንበቱን እንዴት እንደሚያስታርቁት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።) በዚያ ዘመን ግን ነገሩ ገና አልተቆረጠም ነበር። ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣላት ከእስክንድርያ ነው፤ በእስክንድርያ ደግሞ ቅዳሜን ማክበር ወደ አይሁድ ሥርዓት መመለስ ተብሎ ይታይ ነበር። ስለዚህ ጳጳሱም፣ ቤተ መንግሥቱም፣ ብዙዎቹ ታላላቅ ገዳማትም እሑድን ብቻ ያዙ።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱንም ያዙ። እግዚአብሔር ሥራውን ፈጽሞ ያረፈባትን ቀን ለመሻር ማን ሥልጣን ሰጠን አሉ፤ ጌታ የተነሣባትንም እናከብራለን አሉ። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት የሥርዓት መጻሕፍትም ስለ ሁለቱ ሰንበታት ይናገራሉና እነርሱን ምስክር አደረጉ። ለአንዳንዱ አንባቢ ይህ የቀን ቆጠራ ክርክር ሊመስለው ይችላል፤ ለአንድ ቀን ብሎ ሰው አገሩን ይለቃልን ብሎም ይጠይቅ ይሆናል። የሰንበት ትእዛዝ ማንን ማንን እንደሚቆጥር እንመልከት። የቤቱን ጌታ ብቻ አይልም፤ ወንዱን አገልጋይ፣ ሴቷን አገልጋይ፣ ከብቱን፣ በደጅ ያለውንም እንግዳ አንድ በአንድ ይጠራል። ከዐሠርቱ ትእዛዛት መካከል የቤት ሠራተኛዋ ዕረፍት በትእዛዝ የተጻፈላት በዚህ በአንዱ ነው። በሰው ቤት የምታገለግሉ እኅቶቻችን ይህን ስታነቡ ሰንበት ለምን ያን ያህል እንደከበደባቸው ከሌላው ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ለምን ወጡ?

የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ መኖሪያ አሳጧቸው። ትምህርታቸውን የሚቃወሙ ካህናትና ሹማምንት በረቱባቸው። ዘመኑ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ነው፤ ንጉሡ ከ1314 እስከ 1344 ነግሠው ግዛታቸውን በብዙ ጦርነት ያሰፉ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነሣ መለያየትም ለእንዲህ ዓይነት መንግሥት የሚመች አይደለም። ሁለተኛው፣ ጉዳዩን የሚቆርጠው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ነውና ከእርሱ ፊት ቀርቦ ማስረዳት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኢየሩሳሌም ናት። ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ የጀመሩት ከእርሳቸው በፊት ነው፤ ጌታ የተመላለሰበትን መሬት ረግጦ መሞት የብዙ መነኩሴ ምኞት ነበር።

ከሦስቱ የትኛው ነው እውነተኛው? እኛ ሦስቱም ናቸው እንላለን። መንገደኛ ሲጠየቅ አንዱን ብቻ ይናገራል፤ ሲሄድ ግን ሁሉንም ተሸክሞ ነው። እኛም ስንጠየቅ ቤተሰብ ለመርዳት እንላለን፤ እውነትም ነው። ግን ከሥሩ ሌላ አለ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት አለ። ያለ ዕድሜ የተሰጠ ጋብቻ አለ። አራት ወንድማማች የማይበቃው ግማሽ ጥማድ መሬት አለ። ጎረቤት ልጇ ከጅዳ በላከችው ብር ቆርቆሮ ቤት ሠርታ የእኛ ቤት ሣር ሆኖ መቅረቱ አለ። አንዳንዴም ማንም የማይደፍረው ምክንያት አለ፤ መሄድን ራሱን መፈለግ። ይህን ለንስሓ አባቱ እንኳ ያልነገረ ብዙ ሰው አለ። ምክንያት መደራረቡ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ ለራስ ሳይነግሩ መኖር በኋላ ያደክማል፤ በውስጥ መስመር የምታስነብቡን መልእክት ብዙውን ጊዜ የዚህ ድካም ነው።

የወጡት በ1337 ወይም በ1338 ነው። ቁጠሩት፤ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። በዚያ ዕድሜ ሰው በገዳሙ የወይራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ልጆቹን የሚመክርበት ጊዜ ነው። እርሳቸው ግን ጥቂት ደቀ መዛሙርት አስከትለው መንገድ ጀመሩ። ማኅበሩን ለአባ አብሳዲ ተዉለት።

ስለ አባ አብሳዲ ትንሽ ማለት እንፈልጋለን። በሥዕልም በስብከትም የሚወሳው የሄደው ነው፤ የቀረው አይወሳም። አብሳዲ ኢየሩሳሌምን አላየም፤ ባሕሩንም አልተሻገረም። ከመምህሩ ጋር መሄድ ፈልጎ ከሆነም አልተፈቀደለትም። ግን መምህሩ ከሄዱ በኋላ ተቃውሞውን ሁሉ የተቀበለው፣ የተበተኑትን የሰበሰበው፣ ሰንበትን በስውር ቢሆን በአደባባይ ያስጠበቀው እርሱ ነው። እናንተ ስትወጡ ቤት የቀረ አብሳዲ አላችሁ፤ እናታችሁን የሚያሳክም፣ አባታችሁን የቀበረ፣ የላካችሁትን ብር ሳይነካ የያዘ፣ ወይም አንዳንዴ የነካ። እኛ ሰው ነንና ሁሉም እንደ አብሳዲ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ከሠራዬ እስከ ካይሮ ወፍ በሚበርበት ቀጥታ መንገድ ቢለካ እንኳ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር የሚሄድ ሰው ግን ውኃ ባለበት እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ከደጋው ወርዶ በረሃውን፣ ከዚያ የኖባን ምድር፣ ከዚያ ዓባይን ተከትሎ ወደ ሰሜን። ይህን መንገድ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ከእናንተ መካከል ከወሎና ከራያ ተነሥታችሁ የአፋርን በረሃ በእግራችሁ ያቋረጣችሁ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ የጠበቃችሁ፣ የመንን ከታች እስከ ላይ ተጉዛችሁ ወደ ጂዛን ተራሮች የደረሳችሁ አላችሁ። ጫማ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ፣ በኮዳ የቀረውን ውኃ ማን እንደሚጠጣ፣ ደላላው ሲጮህ ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር ከመጽሐፍ አልተማራችሁትም። ስለዚህ የመንገዱን ድካም አናበዛም።

ካይሮ ሲደርሱ ግብፅን የሚገዛት ሱልጣን አል ናስር ሙሐመድ ነበር፤ ክርስቲያኖች በብዙ ጭንቀት ውስጥ የሚኖሩበት ዘመን ነው። በመንበረ ማርቆስ የተቀመጡት አባ ብንያም ሁለተኛ ናቸው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ፊታቸው ቀርበው ስለ ሰንበት ተናገሩ። እንደሚተረከው ከሳሾቻቸው እዚያም አላጧቸውም፤ በግብፅ የነበሩ የአገራቸው ሰዎች ናቸው የከሰሷቸው። ሰንበትን ስለማናከብር ከእኛ ጋር አንድ አይሆንም ብለው ከፓትርያርኩ ዘንድ አቀረቧቸው። በሰው አገር የአገር ልጅ ሲከስስ ምን እንደሚመስል በሩሰይፋ የማያውቅ የለምና እናልፈዋለን።

ፓትርያርኩ የጠየቁትን አልፈቀዱላቸውም። ከወንድሞቻቸው ጋር እንዲስማሙ መከሯቸው፤ እርሳቸው ግን ከያዙት አልተመለሱም። ይህን ያህል መንገድ የተኬደበት ጉዳይ እዚያ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የሕይወታቸው ከባዱ ቦታ ለእኛ የሚመስለን ይህ ነውና። በረሃው ከባድ አይደለም አንልም። ግን በበረሃ ሳለህ ለምን እንደምትሄድ ታውቃለህ። የወጣህበት ነገር እንደማይሆን ከታወቀ በኋላ በማግሥቱ ጠዋት የሚነሣው ሰው ነው የሚከብደው። ወደ አገር እንዳይመለሱ ባዶ እጅ ነው፤ ደግሞም የሚጠብቃቸው ያው ተቃውሞ ነው። እዚያው እንዳይቀመጡ የሚቀበላቸው የለም። ብዙዎቻችን በዚህ ቦታ ላይ ነን። ለሁለት ዓመት ብለን መጥተን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ቤት ልንሠራ መጥተን የመጣንበትን ዕዳ ገና እየከፈልን። ስንመለስ ምን ይዘን እንላለን፤ ስንቆይ ለምን እንላለን።

እርሳቸው ወደፊት ሄዱ። ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱ ወድቆ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ነበረ። ኢየሩሳሌም ገብተው ቅዱሳት መካናትን ተሳለሙ። ከዚያም ወደ ቆጵሮስ ሄዱ፤ ደሴቲቱን በዚያ ጊዜ የሚገዟት ፈረንጆች ነበሩ። ከቆጵሮስ ማዶ ደግሞ አርማንያ አለች። ዛሬ በካርታ ላይ የምናያት አርሜንያ በተራራ ውስጥ ናት፤ ያን ጊዜ ግን በባሕሩ ዳር ኪልቅያ በሚባለው አገር የአርመኖች መንግሥት ነበረ። አርመኖች በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ ናቸው፤ የኬልቄዶንን ጉባኤ የማይቀበሉ እኅት ቤተ ክርስቲያን።

ወደዚያ የተሻገሩበት ታሪክ ነው በሥዕል ያያችሁት። ገድላቸው እንደሚተርከው የሚያሳፍራቸው ቢያጡ ዐጽፋቸውን በባሕሩ ላይ ዘርግተው፣ በመስቀል ምልክት ባርከው፣ ከልጆቻቸው ጋር በላዩ ተሻገሩ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ጻድቁ በውኃው ላይ በተዘረጋው ልብስ ቆመው፣ ከሥር ዓሦች ሲዋኙ ይታያሉ። ልጅ ሳለን ዓይናችን የሚያርፈው ዓሦቹ ላይ ነበር።

ይህን ተአምር ባለፈው ዓመት ስንጽፍላችሁ አንዲት እኅት በባብ ኤል መንደብ ታናሽ ወንድሟን እንዳጣች ነገረችን። ጀልባው ሲገለበጥ እርሷ ተርፋለች። የጻድቁን ዐጽፍ የተሸከመ ባሕር ወንድሜን ለምን አልተሸከመውም ብላ ነው የጠየቀችን። መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። የምናውቀው ቤተ ክርስቲያን ለእርሱ ልታደርግለት የምትችለውን ነው። የክርስትና ስሙን ለአጥቢያው ካህን ላክን፤ ጸሎተ ፍትሐት ተደረገለት፤ እናትየውም ሬሳ ባይመጣም ልቅሶ ተቀመጡ። በባሕርም ሆነ በበረሃ የቀረ ዘመድ ያላችሁ የክርስትና ስሙን ብቻ ጻፉልን፤ ሌላ ምንም ዝርዝር አያስፈልግም።

በአርማንያ ጻድቁ በክብር ተቀበሏቸው። ከአገራቸው ከወጡ እስኪያርፉ ድረስ 14 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚህም የሚበዛው እዚያው ያለፈ ነው። ስለነዚህ ዓመታት የሚነገረው ትንሽ ነው። ሰንበትን አከበሩ፣ ጸለዩ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ። በ1347 ታላቁ ወረርሽኝ የሜድትራንያንን ባሕር ዙሪያ ሁሉ ያዘ፤ ቆጵሮስን፣ ግብፅን፣ ሶርያን ጠረገ። እርሳቸው በዚያ ዘመን ሽማግሌ ናቸው። የአርማንያ መንግሥትም ከደቡብ በግብፅ ሱልጣኖች እየተገፋ ነበር፤ ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ ብዙም አልቆየ፣ በ1375 ወደቀ። እንግዲህ የተጠለሉበት አገር ራሱ የሚጠለልበትን የሚፈልግ አገር ነበር።

በ1352፣ በእኛ አቆጣጠር በ1345 ዓ.ም.፣ መስከረም 18 ቀን ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሠራዬን ዳግመኛ አላዩም። የሰንበት ነገር በአገራቸው ምን ላይ እንደደረሰ በሕይወት ሳሉ የሰሙት ነገር ቢኖር ልጆቻቸው እየተሳደዱ መሆናቸውን ነው።

ከልጆቻቸው አባ ባኪሞስ፣ አባ መርቆሬዎስና አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ አገር ተመለሱ። አባ ገብረ ኢየሱስ እስከ እንፍራዝ፣ ከጣና ምሥራቅ ድረስ ወርዶ ደብረ ሳንን መሠረተ። ማኅበራቱ በዙ፤ የሴት መነኮሳይያት ማኅበራትም ነበሩባቸው። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ተገፍተው ነበር፤ ክህነት ተከለከሉ። ይህን ልብ በሉልን። አዲስ ካህን አይሾምላቸውም፤ ወደ ዳር አገር ተገፍተው በራሳቸው ሥርዓት ይኖራሉ። እንዲህ ሆነው ግማሽ መቶ ዓመት ቆዩ፤ አልጠፉምም። ካህን በሌለበት፣ ደጀ ሰላም በማይታይበት አገር ለምትኖሩ ለእናንተ ይህን ክፍል ብንደጋግመው ደስ ይለናል።

የአባ አብሳዲ ደቀ መዝሙር አቡነ ፊልጶስ ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። ደብረ ቢዘን ከአሥመራ ወደ ምፅዋ በሚወርደው መንገድ ላይ ካለ ተራራ ነው፤ ወደ ቀይ ባሕር ያያል። ከባሕሩ ማዶ ጅዳ አለች። በ1400 ገደማ ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ አቡነ ፊልጶስን አስጠርተው በሐይቅ እስጢፋኖስ አሳሰሯቸው። አራት ዓመት ያህል ታሰሩ። በ1404 ግን ዐፄ ዳዊት አስፈትተዋቸው፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። የዐፄ ዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ በ1450 በሸዋ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል በተገኙበት ቅዳሜም እሑድም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንዲከበሩ ተወሰነ፤ ለአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ክህነት ተፈቀደ። ጻድቁ ካረፉ 98 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እንግዲህ እናታችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙቀጫውን ከግድግዳ አስጠግታ የምታሳድረው በዚህ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ሩሰይፋ እንመለስ። በዚህ አገር ከ2013 ጀምሮ የዕረፍት ቀናቱ ዓርብና ቅዳሜ ናቸው፤ እሑድ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። በድርጅት የምትሠሩ ወንድሞች እንግዲህ ጻድቁ የተሰደዱላትን ቅዳሜን ሳትጠይቁ አግኝታችኋል፤ ማንም ሳይቃወማቸው የያዟትን እሑድን ግን አጥታችኋል። በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች ደግሞ ዓርብ እንግዳ ይበዛባችኋል፣ ቅዳሜ ልጆቹ ቤት ይውላሉ፣ እሑድ የትምህርት ቤት ልብስ ይተኮሳል፤ ሁለቱንም አጥታችኋል። እኅቶቻችን፣ ሥራውን እምቢ በሉ አንላችሁም። ተገድዶ የሚሠራ ሰው ሰንበትን ሻረ አይባልም፤ ለምን እንዳስገደዳችሁ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ትእዛዙም እናንተን በስም እንደቆጠራችሁ ከላይ ተናግረናል። ዕዳው ዕረፍቱን በከለከለው ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በቅዳሜና በእሑድ የሚያዘው ማንም የማይከለክላችሁ ነገርም አለ። በሁለቱ ሰንበታት አይሰገድም። ከቀዳም ሥዑር በስተቀር ቅዳሜና እሑድ ከእህል ውኃ ተከልክሎ አይዋልም፤ በዐቢይ ጾም እንኳ ከጥሉላት እንከለከላለን እንጂ ሰዓት አንጠብቅም። ሌሊት በጠባቧ ክፍላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በመታጠቢያ ቤት በር ዘግታችሁ እንደምትሰግዱ እናውቃለን። እንግዲህ ዓርብ ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ስግደቱን ተዉት። ቆማችሁ ጸልዩ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቁራሽ ቅመሱ። የቤቱ ሰው ምን እንዳደረጋችሁ አያውቅም፤ ሰንበትን አክብራችኋል። ሰዓታችን ከአገር ቤት ሰዓት ጋር አንድ ነውና እሑድ ሌሊት የአጥቢያችሁ ደወል ሲደወል እዚህም ያው ሰዓት ነው፤ የምትነሡ ተነሡ፣ ያልቻላችሁ በተኛችሁበት አማትቡ።

ስለ ስም ለጠየቃችሁን ደግሞ። ፓስፖርታችሁ ላይ ሌላ ስም የተጻፈባችሁ፣ ደላላው ለቪዛው ያወጣላችሁን ስም ተሸክማችሁ የምትኖሩ አላችሁ። ይህ የሚያስጨንቃችሁ መሆኑ ራሱ የክርስትና ስማችሁ በውስጣችሁ እንዳለ ያሳያል። ነገሩ በጅምላ የሚመለስ አይደለም፤ የእያንዳንዳችሁ ይለያያል፣ ስለዚህ በመስመሩ ላይ አንጽፈውም። የንስሓ አባት ያላችሁ በስልክ አማክሯቸው። የሌላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ከአገር ቤት አባት እናገናኛችኋለን። ስትጽፉልን ግን በክርስትና ስማችሁ ጻፉ፤ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ የሆነውን።

ከመስከረም 26 ጀምሮ የእመቤታችንን ስደት የምናስብበት ወርኃ ጽጌ ይገባል። በዚያ ሰሞን ስለ ቍስቋም እንጽፋለን።

የጻድቁ አባታችን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። በመንገድ ያሉትን ያግባልን፣ በሰው አገር ያረፉትን ነፍሳቸውን ይማርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።

ይቆየን።